ዐይን ሳያየው የተጠበቀ ተራራ

ተራራ በአገራችን የታወቀ ነገር ነው። መንገደኛ አቅጣጫውን የሚለየው በተራራ ነው፤ ገበሬ የዝናሙን መምጣት የሚያውቀው የተራራው ራስ ደመና ሲለብስ አይቶ ነው፤ ሕፃንም ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ አሻግሮ መመልከት ሲጀምር በመጀመሪያ ዐይኑ የሚያርፈው በተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ሰው ስለ ተራራ መንገር ለቀባሪው አረዱት እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ዛሬ ለውድ አንባብያን የማቀርበው ተራራ ከምናውቃቸው ተራሮች ሁሉ የተለየ ነው። ደመና አይለብሰውም፤ ፀሓይ አትደርስበትም፤ የሰው እግርም ረግጦት አያውቅም። ከራሱ እስከ ግርጌው በውቅያኖስ ውሃ የተሸፈነ ነውና።

ስሙ የዴቪድሰን ተራራ ይባላል። የሚገኘውም በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፥ በካሊፎርኒያ ትይዩ፥ ፓሲፊክ በሚባለው በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ ነው። ይህን የማይታይ ተራራ ሰዎች ተከራክረውበትና መክረውበት በሕግ የተጠበቀ ስፍራ አድርገውታል። ማንም ያልኖረበትን፥ ማንም ያላረሰውን፥ ከዳርቻው የቆመ ሰው ሊያየው የማይችለውን ተራራ መጠበቅ ለምን አስፈለገ? ማንስ ከማን ይጠብቀዋል? የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይህ ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

የባሕሩ ዳርቻ

በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰብ መሥርተው ይኖራሉ። እኔም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ ወደ ደቡብ ወደ ሞንቴሬይ ከተማ ወርጄ ባሕሩን ለማየት ዕድል አገኘሁ። መንገዱ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከከተማው ወጥቶ ኮረብታውን ከተሻገሩ በኋላ የእርሻው አገር ይጀምራል። እንጆሪና ሰላጣ የተተከለበት ጥቁር መሬት ግራና ቀኙን ተዘርግቶ ይታያል። ከዚያም ድንገት አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ነጭ ጉም ከምዕራብ እየተንከባለለ ይመጣል፤ ባሕሩ መቅረቡ የሚታወቀው ከመታየቱ በፊት በዚህ ጉም ነው።

ሞንቴሬይ አሮጌ የወደብ ከተማ ናት። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እኩሌታ ሰርዲን የሚባለውን ትንሽ ዓሣ እያጠመዱ በቆርቆሮ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች በባሕሩ ዳር ተሰልፈው ነበር። ጆን ስታይንቤክ የተባለው ደራሲ በ1945 ስለዚያች ጎዳና ልብ ወለድ ጽፎ ስሟን በዓለም አሳውቋል። ዳሩ ግን መጽሐፉ በታተመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰርዲኑ ጠፋ። ከመጠን ያለፈ ማጥመድና የባሕሩ ጠባይ መለዋወጥ ተደራርበው ያንን የዓሣ መንጋ አመናመኑት፤ ፋብሪካዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የመጨረሻው በ1973 በሩን ዘጋ። በዚያው ፋብሪካ ቦታ ላይ በ1984 የባሕር ፍጥረታት የሚታዩበት ታላቅ ቤት ተከፍቷል። ዓሣ በቆርቆሮ ይታሸግበት በነበረው ስፍራ ዛሬ ሕፃናት በመስተዋት አሻግረው ዓሣ ሲዋኝ ያያሉ።

ከከተማዋ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ገደልና ባሕር የተገናኙበት ነው። በስተ ግራ ተራራው ሽቅብ ይወጣል፤ በስተ ቀኝ ገደሉ ቍልቍል ወደ ማዕበሉ ይወርዳል። ቢግ ሰር ይሉታል። በ1932 በተሠራው በቢክስቢ ድልድይ አጠገብ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው የባሕር ሣር በውሃው ላይ ተኝቶ ሲወዛወዝ ያያል። ቀን ከቀናው በሣሩ መካከል ኦተር የሚባለው ጠጉራም የባሕር እንስሳ በጀርባው ተንጋሎ፥ ዛጎል በደረቱ ላይ ይዞ በድንጋይ ሲሰብር ይታያል። ይህ እንስሳ ስለ ቆዳው ታድኖ ከካሊፎርኒያ ዳርቻ ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን፥ በ1938 ሃምሳ የሚያህሉ በዚያው ድልድይ አቅራቢያ ተገኙ። ዛሬ ሦስት ሺህ ገደማ የሚሆኑት የዚያ ጥቂት ቅሬታ ዘሮች ናቸው።

ከዚያ ገደል ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ ውሃ ብቻ ነው። አብራኝ የሄደችው የዘመዴ ልጅ በአሜሪካ ተወልዳ ያደገች የዐሥራ አራት ዓመት ልጃገረድ ናት። ስለ ተራራው በነገርኋት ጊዜ ወደ ባሕሩ ጥቂት አየችና፥ «ጋሼ፥ ማንም የማያየውን ተራራ ከማን ነው የሚጠብቁት?» አለችኝ። ጥያቄዋ መልካም ጥያቄ ነው፤ ለመመለስም ከመጀመሪያው መነሣት ያሻል።

ተራራው እንዴት ታወቀ

ተራራው የተጠራበት ጆርጅ ዴቪድሰን በ1825 በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ የምድርና የባሕር ለኪ ነበር። በ1850 ወደ ካሊፎርኒያ መጥቶ የምዕራቡን ዳርቻ ሲለካና ለመርከበኞች መምሪያ ሲያዘጋጅ ዕድሜውን ፈጸመ፤ በ1911 ዐረፈ። በስሙ የተጠራውን ተራራ ግን አላየውም። ተራራው በካርታ ላይ የገባው እርሱ ከሞተ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1933 ነው።

የተገኘውም በዐይን ሳይሆን በጆሮ ነው ማለት ይቻላል። የለኪዎቹ መርከብ ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፤ ድምፁ ወለሉን መትቶ ይመለሳል፤ የተመለሰበት ጊዜ ተቈጥሮ ጥልቀቱ ይታወቃል። ድምፅ በባሕር ውሃ ውስጥ በአንድ ሴኮንድ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ያህል ይጓዛል። በተራራው ዙሪያ ባለው ወለል ላይ ድምፁ ሄዶ ለመመለስ አምስት ሴኮንድ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በተራራው ራስ ላይ ግን ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ ይመለሳል። ከመካከሉ አንዳች ታላቅ ነገር ተነሥቶ ቆሟል ማለት ነው። በ1938 የአሜሪካ መንግሥት የቦታ ስሞች ጉባኤ ስሙን ሲያጸድቅ፥ «የባሕር ተራራ» የሚለው መጠሪያ በይፋ የተሰጠው የመጀመሪያው ተራራ ይህ ሆነ።

መጠኑን በአገራችን ልክ ብናየው ይበልጥ ይገባናል። ከግርጌው እስከ ራሱ 2,280 ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርሱ ከሚወጣው ዳገት ጋራ የሚቀራረብ ነው። ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር፥ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ሁሉ ቁመት ይዞ ግን ራሱ ከውሃው ገጽ 1,250 ሜትር በታች ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ያላትን ከፍታ ያህል ውሃ በራሱ ላይ ተሸክሟል ማለት ነው። ከሞንቴሬይ ወደ ደቡብ ምዕራብ 129 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

የሥነ ምድር ሊቃውንት እንደሚሉት ተራራው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። የምድር ቅርፊት እየተሰነጠቀ ግራና ቀኝ በሚለያይበት መስመር ላይ የተፈጠረ ሲሆን፥ መሰንጠቁ ከቆመ በኋላም ቅልጥ ድንጋይ በዚያው ስንጥቅ እየወጣ ከምሮታል። እሳቱ የነደደበትን ዘመን ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ያደርጉታል። ይህ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በአፋር ምድር የኤርታ አሌ እሳት ዛሬም የሚነደው ቅርፊቱ በዚያ እየተለያየ በመሆኑ ነው።

በጨለማው ውስጥ ያለው ሕይወት

ከስድሳ ዓመት በላይ ተራራው በካርታ ላይ ያለ ስም ብቻ ነበር። በ2002 ግን ዌስተርን ፍላየር የምትባል የምርምር መርከብ ሊቃውንትን ይዛ ሄደች። ሰው ወደዚያ ጥልቀት በራሱ ሊወርድ አይችልም፤ የውሃው ክብደት ይጨፈልቀዋልና። ስለዚህ ቲቡሮን የተባለ፥ ሰው የማይገባበት፥ ካሜራና መብራት የተገጠመለት፥ ክንድ ያለው መሣሪያ በረዥም ገመድ አስረው አወረዱ። በ2006 መጀመሪያም ተመልሰው ሌላ ጉዞ አደረጉ።

ከአንድ ሺህ ሜትር በታች የፀሓይ ብርሃን ጨርሶ አይደርስም። ብርሃን ከሌለ ሣር አይበቅልም፤ ሣር ከሌለም የሚበላ ነገር ሊኖር አይገባውም ነበር። ይሁን እንጂ በላይኛው ውሃ የሚኖሩ ፍጥረታት ሲሞቱ ብናኛቸው እንደ በረዶ ቀን ከሌሊት ወደ ታች ይወርዳል። የባሕሩም ሞገድ በተራራው ወገብ እየተጋጨ ሲያልፍ ያንን ብናኝ ያመጣል። ጭቃ በሞላበት ሜዳ ላይ ሥር መስደድ የማይችል ፍጥረት ሁሉ በተራራው ጠንካራ ድንጋይ ላይ ተተክሎ፥ ክንዱን ዘርግቶ፥ ሞገዱ የሚያመጣለትን ይቀበላል።

መብራቱ ያሳያቸውም ይህ ነው። አንዳንዶች መርጃን የሚሉት ኮራል በሐምራዊና በቀይ፥ በብጫና በነጭ ቀለም ቅርንጫፉን ዘርግቶ እንደ ዛፍ ቆሟል፤ ከሰው ቁመት በላይ የደረሰም አለ። ዛፍ ቢመስልም እንስሳ ነው። በዛፉ ላይ ሸርጣን ይወጣል፤ የባሕር ኮከብ ይጠመጠማል። በአጠገቡም ልዩ ልዩ መልክ ያለው ሰፍነግ እንደ እንስራና እንደ መሶብ ተቀምጧል።

የኮራሎቹ ዕድሜ በተመረመረ ጊዜ አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው ተገኙ። ዴቪድሰን በመርከብ ባሕሩን ይለካ በነበረበት ዘመን የተተከሉ፥ ዛሬም ያሉ ናቸው። በብርዱና በምግቡ ማነስ ምክንያት እድገታቸው እጅግ የዘገየ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ቢሰበር የሰባሪው የልጅ ልጅ እንኳ ተመልሶ ሲያድግ ላያየው ይችላል።

አስፈሪው ነገር ምን ነበር

ወደ ልጃገረዲቱ ጥያቄ እንመለስ። ተራራው የሚጠበቀው ከማን ነው?

ከአገር አገር ብንሄድ መልሱን እናገኘዋለን። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ባሕር ውስጥ እንዲህ ያሉ ተራሮች ብዙ ናቸው። ብርቱካናማ መልክ ያለው፥ በእንግሊዝኛ ኦሬንጅ ራፊ የሚባል ዓሣ በተራሮቹ ራስ ላይ እየተሰበሰበ ይራባል። ይህ ዓሣ ከመቶ ዓመት በላይ የሚኖርና ለመውለድ ሠላሳ ዓመት ያህል የሚቈይ ነው። ሰዎች የመሰብሰቢያውን ስፍራ ካወቁ በኋላ በተለይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከባድ ብረት የታሰረበትን መረብ በተራሮቹ ላይ ይጎትቱ ጀመር። መረቡ ዓሣውን ሲያወጣ ኮራሉን አብሮ ነቅሎ ያወጣል። በታስማኒያ ደቡብ ያሉትን ተራሮች የመረመሩ ሊቃውንት መረብ ያልደረሰባቸው በኮራል ተሸፍነው፥ መረብ የጎበኛቸው ግን ራቁታቸውን ድንጋይ ሆነው አገኟቸው። የአውስትራሊያ መንግሥት በ1999 ከእነዚያ ተራሮች ከፊሉን በሕግ ከለለ፤ ለተራቆቱት ግን ጊዜው አልፎ ነበር።

በካሊፎርኒያም ባሕሩ ያለ ጥበቃ አልነበረም። በ1969 በሳንታ ባርባራ ትይዩ የነዳጅ ጕድጓድ ፈንድቶ ዘይቱ ዳርቻውን አጥቍሮ፥ ወፎችና የባሕር እንስሳት አልቀው ሕዝቡ እጅግ ተቈጥቶ ነበር። ከዚህና ከመሰሉ ጥፋቶች በኋላ በ1972 የባሕር ስፍራዎችን ለመከለል የሚያስችል ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ የሚከለለውን ስፍራ «ሳንክቹዋሪ» ይሉታል። የቃሉ የመጀመሪያ ትርጕም መቅደስ ሲሆን፥ ኋላም ተሳዳጅ የሚጠጋበት መማጸኛ ስፍራ ማለት ሆኗል። ከደብር አጸድ ገብቶ ደወል የያዘ ሰው አይነካም ይባል በነበረበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ቃል ማብራሪያ አያሻውም። የሞንቴሬይ ባሕርም በመስከረም 1992 እንዲሁ ተከለለ። ክልሉ በዳርቻው በኩል 444 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በውስጡ የነዳጅ ጕድጓድ መቈፈር ክልክል ነው። ዳሩ ግን የዴቪድሰን ተራራ ከድንበሩ ውጭ ቀርቶ ነበር።

ክርክሩ

በ2001 መንግሥት የሞንቴሬይንና ከሰሜን ያሉትን የሁለት ሌሎች ክልሎች አስተዳደር እንደገና ለመመርመር ሕዝቡን ሰብስቦ አሳብ መጠየቅ ጀመረ። የተራራው ነገር የተነሣው በዚያን ጊዜ ነው። ሦስት መንገዶች ነበሩ፤ እንዳለ መተው፥ ለብቻው መከለል፥ ወይም ከሞንቴሬይ ክልል ጋራ መቀላቀል።

አጥማጆቹ ሥጋት ነበራቸው፤ ሥጋታቸውም ከንቱ አልነበረም። የሞንቴሬይ ክልል በ1992 ሲቋቋም ማጥመድን የሚቈጣጠር ሕግ በክልሉ በኩል እንደማይወጣ ተነግሯቸው ነበር። በተራራው ላይ ባለው የላይኛው ውሃ ቱና የሚባለውን ታላቅ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ቤተ ሰባቸውንም የሚመግቡት በዚህ ነው። ዛሬ ታችኛው ይከልከል ቢባል ነገ የላይኛው መከተሉ አይቀርም ብለው ቢፈሩ ማን ይፈርድባቸዋል? በዚህ ላይ፥ መረብ ወደዚያ ጥልቀት የሚያወርድ ሰው በአሁኑ ጊዜ ከሌለ ሌባ ላልመጣበት ቤት ቍልፍ መግዛት ምን ይሠራል? የሚል አሳብም ነበር።

የጥበቃው ወገን መልስ ደግሞ ይህ ነበር፤ ቍልፍ የሚገዛው ሌባው ከመምጣቱ በፊት ነው። ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ መከልከል እንደ ታስማኒያ ተራሮች የተራቆተ ድንጋይን መጠበቅ ይሆናል። ዛሬ የሚያጠምድበት ሰው ከሌለ ዛሬ መከልከሉ ማንንም አያስርብም፤ አንዴ መርከቦች ከተለማመዱት በኋላ ግን መከልከሉ የብዙ ሰው እንጀራ መንካት ነው።

ክርክሩ የተፈታበት መንገድ ሊመሰገን የሚገባው ይመስለኛል። ባሕሩን በስፋት ብቻ ሳይሆን በጥልቀትም ከፈሉት። በመጀመሪያ በ2006 በዓሣ ማጥመድ ሕግ በኩል፥ ወለሉን የሚነካ የማጥመጃ መሣሪያ በተራራው ላይ እንዳይሠራ ተከለከለ። ከዚያም በኅዳር 2008 ተራራው ከነዙሪያው፥ ሁለት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ስፍራ፥ ከሞንቴሬይ ክልል ጋራ እንዲቀላቀል ተወሰነ፤ ውሳኔውም በመጋቢት 2009 ጸና። በዚህ ስፍራ ከ914 ሜትር በታች ያለውን ፍጥረት ለምርምር ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር ማንም ሊያነሣ ወይም ሊጐዳ አይችልም። ከዚያ በላይ ባለው ውሃ ግን አጥማጁ እንደ ልማዱ ቱናውን ያጠምዳል። የተራራው ራስ ከዚያ ድንበር ሦስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ በመካከሉ በቂ ርቀት አለ። አንዱ ወገን ሁሉን አላገኘም፤ ሌላውም ሁሉን አላጣም። ከስብሰባው መጀመሪያ እስከ ሕጉ መጽናት ስምንት ዓመት ያህል ፈጀ።

ከዐሥር ዓመት በኋላ የታየው

እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር የአስተዋዮች ሥራ ነው ቢባል ይበቃ ነበር። ነገሩን አስደናቂ ያደረገው ግን ኋላ የተገኘው ነው።

በጥቅምት 2018 ናውቲለስ የምትባል የምርምር መርከብ መሣሪያዋን በተራራው ግርጌ በደቡብ ምሥራቅ በኩል አወረደች። ስፍራው ከውሃው ገጽ 3,200 ሜትር ያህል በታች ነው፤ እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ያለውን ያህል ዝቅ ያለ ማለት ነው። በመብራቱ ፊት ከዓለት ሥር የተሰለፉ ክብ ነጫጭ ነገሮች ታዩ። ቀርበው ቢያዩአቸው ኦክቶፐስ የሚባለው ስምንት ክንድ ያለው የባሕር እንስሳ እናቶች ነበሩ። ክንዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው፥ ሰውነታቸውን እንደ ጋሻ አድርገው፥ እንቍላላቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ቀን የታዩት ከሺህ በላይ ነበሩ። ኋላ በብዙ ጉዞ ስፍራው ሲለካ ቍጥራቸው ሃያ ሺህ ያህል እንደሚሆን ተገመተ። በዓለም ላይ እስካሁን ከታወቁት የኦክቶፐስ ጉባኤዎች ሁሉ ታላቁ ይህ ነው።

ለምን በዚያ ተሰበሰቡ? በ2023 የታተመው ጥናት መልሱን ሰጥቷል። በዚያ ጥልቀት የባሕሩ ውሃ ሙቀት 1.6 ዲግሪ ብቻ ነው። ከዓለቱ ስንጥቅ ግን ለብ ያለ ውሃ ይፈልቃል፤ ሙቀቱ እስከ 11 ዲግሪ ገደማ የሚደርስበት ስፍራ አለ። እናቶቹ እንቍላላቸውን የሚጥሉት በዚህ ለብታ ውስጥ ነው። በቀዝቃዛው ውሃ ቢሆን እንቍላሉ እስኪፈለፈል አምስት፥ ስምንት፥ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ዓመት ይወስድ ነበር ተብሎ ይገመታል፤ በዚህ ስፍራ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይፈለፈላል። እናቲቱ በዚያ ጊዜ ሁሉ ከእንቍላሏ አትለይም፤ ጠላት ሲመጣ በክንዷ ትከላከላለች፤ ምግብ አትፈልግም። ልጆቿ ሲወጡ እርስዋ ትሞታለች። ሬሳዋም በዙሪያው ላሉት ፍጥረታት መኖ ይሆናል።

በሚቀጥለውም ዓመት፥ በጥቅምት 2019፥ በዚያው ተራራ አጠገብ ሞቶ የወደቀ የዓሣ ነባሪ አፅም ተገኘ። በላዩ ኦክቶፐሶችና ዓሦች ተሰብስበው፥ አጥንት የሚበሉ ቀያይ ትሎች እንደ ሣር በቅለውበት ነበር። አንድ ዓሣ ነባሪ በሞቱ ለስንት ፍጥረት ማዕድ እንደሚሆን በዚያ ታየ።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። በ2008 ሕጉ ሲወጣ ስለ ኦክቶፐሶቹ መኖር በጉባኤው ከተቀመጡት ማንም አላወቀም። ኮራሉን ለመጠበቅ ብለው ካርታው ላይ አራት ማዕዘን መስመር አሰመሩ፤ በመስመሩ ውስጥ ሃያ ሺህ እናቶች ነበሩ። «መጀመሪያ ሁሉን እናጥና፥ ከዚያ እንከልላለን» ብለው ቢሆን ኖሮ ስፍራው ለዐሥር ዓመት ክፍት ሆኖ ይቈይ ነበር። ለልጃገረዲቱ በመኪናው ውስጥ ይህን ነገርኋት። እርስዋም ዝም ብላ ከሰማች በኋላ፥ «ሌሎቹስ ተራሮች?» አለች።

ሌሎቹስ?

ይህ ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በዛሬው ጊዜ ከዓለም ባሕር ወለል በሚገባ ተለክቶ ካርታ የወጣለት ከሩብ ብዙም አይበልጥም። የብዙዎቹ ተራሮች ስም እንኳ ገና አልወጣም። በሌላ በኩል ለመኪናና ለመሣሪያ ባትሪ የሚሆኑ ማዕድናትን ከጥልቁ ባሕር ለማውጣት የሚፈልጉ መንግሥታትና ኩባንያዎች እየበዙ መጥተዋል። የባሕር ተራሮችም ከሚፈለጉት ስፍራዎች አንዱ ናቸው፤ በዓለታቸው ላይ ኮባልት ያለበት ቅርፊት የሚጋገርባቸው አሉና።

መከለልም ፈጣን ሥራ አይደለም። ከዴቪድሰን ተራራ በስተ ደቡብ ያለው ዳርቻ የቹማሽ ነገዶች ጥንታዊ አገር ነው። የሰሜን ቹማሽ ነገድ ጉባኤ ያ ባሕር እንዲከለል በ2015 ጥያቄውን አቀረበ፤ የተፈቀደው በ2024 ነው። ከማንም አገር ድንበር ውጭ ላለው ባሕር ደግሞ መንግሥታት በሰኔ 2023 በኒው ዮርክ አንድ ስምምነት አጽድቀዋል፤ በሥራ ላይ እንዲውል የሚያስፈልገው የስድሳ አገሮች ማጽደቅም በመስከረም 2025 ተሟልቷል።

ባሕር የሌለን እኛ በዚህ ነገር ምን አለን? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዝናማችን ከባሕር የሚነሣ መሆኑን ብቻ ማስታወስ ለዚህ በቂ መልስ ነበር። ነገር ግን የበለጠ የሚቀርበን ሌላ ነገር አለ፤ የመከለልን ጥበብ ከማንም አልተበደርነውም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር ከጥንት ጀምሮ፥ ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት አንሥቶ እንደሆነ በሚነገር ሥርዐት፥ ለዓመታት ዘግተው ያቈዩት ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እስኪደርስ ማንም አያጭድም፤ ከብትም አይገባም። ከተከፈተም በኋላ ሁሉም በተወሰነለት ጊዜ ይገባል። በዚያ ሣር መካከል ዛሬም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። በሰሜን የአገራችን ክፍልም ዙሪያው ታርሶ ሲራቆት በየደብሩ አጸድ ያለው የወይራና የጽድ ደን ቆሞ የቀረው፥ ከቅጥሩ ውስጥ ቅጠል መበጠስ ነውር ተብሎ ስለ ተያዘ ነው። የዛሬ ሊቃውንት ያንን ደን ሲያጠኑ በሌላ ስፍራ የጠፋ ዛፍ ያገኙበታል። የተከሉትና የጠበቁት አባቶች ግን ለደኑ የዛፍ ዝርዝር አልጻፉም፤ እንዳይነካ ብቻ አዘዙ።

ከሞንቴሬይ የወጣው ሕግና በመንዝ የጸናው ሥርዐት የሚመሳሰሉት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ለሰው ድርሻውን ይሰጣሉ፤ አጥማጁ ከላይኛው ውሃ ያጠምዳል፥ ገበሬው በጊዜው ሣሩን ያጭዳል። ሁለቱም ግን «እስከዚህ ድረስ» የሚል ወሰን አላቸው። ወሰኑም የሚጸናው በአጥር አይደለም። በባሕር ላይ አጥር የለም፤ የዓሣ መርከቦች በሰማይ በሚዞር ሳተላይት የሚታዩበትን መሣሪያ እንዲይዙ ቢደረግም፥ ከሁሉ በላይ ጠባቂው ሕጉን ተከራክረው ያወጡት የዳርቻው ሰዎች ስምምነት ነው። የጓሳም ሥርዐት በ1975 የመሬት አዋጅ ከፈረሰ በኋላ ሣሩ ተጎድቶ እንደ ነበረና የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ ሌላ ደንብ እስኪያወጣ ድረስ ብዙ እንደ ደከመ የሚያውቁ ያውቁታል። ወሰን በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ ለማቆም ግን ዓመታት ይፈጃል።

ስለዚህ ወላጆች የዓለምን ካርታ ለልጆቻቸው ሲያሳዩ በሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ስፍራ ባዶ ነው ብለው እንዳያልፉት አሳስባለሁ። በሰማያዊው ሥር ሜዳ አለ፤ ሸለቆ አለ፤ ስም ያልወጣለት ተራራ አለ፤ በተራራውም ግርጌ ልጆቿን አቅፋ የተቀመጠች እናት ልትኖር ትችላለች። የዘመዴ ልጅ በትምህርት ቤቷ ስለዚህ ነገር ልትጽፍ መጀመሯን በስልክ ነግራኛለች። የዴቪድሰንን ተራራ ትታ ገና ያልተከለለ አንድ የባሕር ተራራ ከካርታው መርጣለች። ጽፋ ስትጨርስ እንድትልክልኝ ለምኛታለሁ።